ስክሪኑ ላይ ያለችው ሐኪም

ባለታክሲው ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ልጁ በምርቃት ጋዋኗ የመኪናው ስክሪን ላይ ፈገግ ትልለታለች። ተሳፋሪ «ልጅህ ናት?» ሲለው፣ «ዶክተሬ ናት!» እያለ ደረቱን ይነፋል።

ዛሬ ራሷ ከጎኑ ተቀምጣ ስክሪኑን ስትነካካ ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ አዲስ ፎቶ ልትጭንለት መስሎታል። እሷ ግን የራሷን አጥፍታ የጽጌረዳ አበባ ጫነችበት።

«ምነው ልጄ?»

«ይሄ ይሻላል አባዬ።»

ሆስፒታሉ በር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አስቆመችውና ወርዳ ከኋላ ገባች። በሩ ላይ ሲጠብቋት የነበሩ ሁለት ባልደረቦቿ እየተሳሳቁ አጠገቧ ገቡ።

ዞር ብሎ፣ «እንዴት አላችሁ ልጆቼ?» አላቸው።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለች አንደኛዋ።

«ኧረ የት አውቄው! በስልክ የጠራሁት ነው» አለች። ከዚያም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ እንሂድ!»