የጋሽ ሁመድ ሚኒባስ

«በስንት ሸጥሽኝ?» ይላሉ ጋሽ ሁመድ፣ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አድርገው።

ሸጥሽኝ! በሩን ከፍቼ ገና «ይግቡ» እንኳ አላልኩም። ከታች ከአንደኛ ፎቅ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው አራተኛ ድረስ ወጥተዋል። ልጃቸው ቢልቂስ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

«ምን ሸጥኩ ጋሽ ሁመድ? ኧረ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም።»

የምታስረዳኝ ቢልቂስ ናት። ትናንት ሜክሲኮ ከባቡር ወርዳ ስትሄድ፣ ከአንድ የጌም መሸጫ ውስጥ የአባቷ ድምፅ «ልደታ! ልደታ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ ትሰማለች። ደንግጣ ትገባለች። ትልቅ ስክሪን ላይ የአባቷ ሚኒባስ፣ ያቺው የተጫረች በሯ ሳትቀር፣ ተሳፋሪ ጭና ትሄዳለች። ስድስት መቶ ብር ከፍላ ጌሙን ከነፍላሹ ገዛችው። ማሸጊያው ላይ ያለው የአንድ ድርጅት ስም ነው።

ክው እላለሁ። ያቺን ሚኒባስ የሠራኋት እኔ ነኛ! ቢሮ ውዬ ስመጣ፣ በአንድ የመኪና መንዳት ጌም ላይ የሚጫን ጭማሪ እሠራለሁ፤ እኛ ተጫዋቾቹ ሞድ እንለዋለን። ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ያለውን መንገድ ፎቅ በፎቅ ሳልኩት። ጋሽ ሁመድ መኪናዋን ከመሸጣቸው በፊት በሜትር ለካኋት፣ ክላክሷን ቀዳሁ። ሹፌር ከመሆናቸው በፊት ረዳት ነበሩና ጥሪውን በራሳቸው ድምፅ ጠሩልኝ፤ የሚያዳምጡትን የመንዙማ ካሴትም አዋሱኝ። ልደታ ማርያም በር ላይ ሲደርሱ ቴፑን ዝቅ እንደሚያደርጉ እንኳ አልረሳሁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤተክርስቲያን ደጅም ከመስጊድ ደጅም ድምፅ እያሰሙ አልፈው አያውቁም። እሷን ዝቅታ ብቻ ለማስተካከል አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

በምላሹ አንድ ነገር አስማሉኝ። «መኪናዬን ሸጫለሁ፣ ድምፄን ግን አልሸጥም። ለፈለገ ሁሉ በነፃ ስጪ» አሉኝ። ማልኩ። ለሳቸው መማል ምን ይከብደኛል? ስምንት ዓመት ትምህርት ቤት ሲያመላልሱኝ አንድ ቀን ሂሳብ ተቀብለውኝ አያውቁም፤ «ደብተር ግዢበት» ነበር መልሳቸው።

«ወላሂ አልሸጥኩም!» ይወጣል ከአፌ። እኔ፣ የልደታ ማርያም የሰንበት ተማሪ! ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይሞቱብኝ ነበር። ዛሬ ፈገግም አይሉ።

«በነፃ ነው የለቀቅኩት። ይቆዩ፣ የጫንኩበትን የኢንተርኔት ገጽ ላሳይዎት።» ስልኬን አነሳለሁ። የሚስጥር ቁጥሬን ሁለቴ እሳሳታለሁ። ገጹ ሲከፈት ባዶ ነው። ሥራዬ በነበረበት ቦታ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፤ «ይህ ሥራ የሌላ ባለቤት ንብረት ስለመሆኑ አቤቱታ ስለቀረበ ተነስቷል» ይላል። አቤት ባዩ ያው ማሸጊያው ላይ ያለው ድርጅት ነው። ሰርቀውኝ ሲያበቁ ሌባ ናት ብለው ከሰሱኝ፣ በስመ አብ!

«የታለ?» ይላሉ ጋሽ ሁመድ።

«ነበረ... ትናንት ጠዋት ነበረ። አንስተውታል።»

«አንስተውታል» ብለው ቢልቂስን ያይዋታል። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ ይላል። «ትሕትና ልጄ፣ ቸግሮሽ ከሆነ ቸግሮኝ ነው በይኝ። ማንንም ይቸግረዋል። መዋሸቱ ምን ያደርጋል?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ውሸታም ናት ብለው ከዚህ በር ከወጡ፣ ነገ ደረጃው ላይ ስንገናኝ በምን ፊቴ ሰላም እላቸዋለሁ? ፍላሹን አንስቼ ኮምፒውተሩ ላይ እሰካለሁ። ማን ያውቃል፣ አንድ ጥግ ላይ ስሜን ረስተውት ይሆናል።

ስሜ የለም። ከዳሽቦርዱም ከታርጋውም ፍቀውታል። መንዳት እጀምራለሁ። የሜክሲኮ አደባባይ ያልፋል፣ ሰንጋ ተራ ያልፋል። «ልደታ! ልደታ! ሁለት ሰው የቀረው!» የሚለው ጥሪ ሲመጣ ጋሽ ሁመድ ከራሳቸው ድምፅ ፊታቸውን ያዞራሉ። መንዙማውን አውጥተው ጆሮ የሚበጥስ የጭፈራ ዘፈን ተክተውበታል።

የልደታ ማርያም አጥር ይመጣል። ዘፈኑ እንደጮኸ ነው። አሁን ዝቅ ይላል ብዬ እጠብቃለሁ። አይልም።

የጋሽ ሁመድ ቀኝ እጅ ይነሳል። ጣቶቻቸው ስክሪኑ ላይ፣ ቴፑ ያለበት ቦታ ያርፋሉ።

«ዝቅ አድርጊው እንጂ» ይላሉ ተቆጥተው። «ማርያም ደጅ ነን እኮ!»

«እምቢ ይላል ጋሽ ሁመድ። እኔ የሠራሁት በራሱ ዝቅ ይል ነበር። እነሱ አጥፍተውታል።»

ስክሪኑን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ።

«አንቺማ ይሄን አታደርጊም» ይላሉ ቀስ ብለው። «አፉ በይኝ ልጄ።»

ወንበር እስብላቸውና ይቀመጣሉ። እፎይ ልል ስል ይጠይቁኛል።

«የገዛው ሰው ሁሉ ቤት እንዲህ እየጮኸች ነው የምታልፈው?»

«አዎ።»

«በማርያም ደጅ? በኔ ድምፅ?»

ቢልቂስ ሻርፗን አፏ ላይ ትይዛለች። «ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል ድምፃቸው ከዘፈኑ በላይ። ጋሽ ሁመድ ጣታቸውን ከስክሪኑ አላነሱም፤ የሌለውን ማዞሪያ ወደ ግራ ያዞራሉ፣ እንደገና ያዞራሉ።