አንጀት የሚበላ ጥያቄ

«እንዳልኩሽ ጻፊው» አለቻት ልብስ ሰፊዋ ልጇን። «አዲሷ ማሽን ክር ትበጥሳለች። ምክንያቱን የሚያውቅ ይናገር፤ የማያውቅ አፉን ይያዝ። በቃ።»

ልጅቷ ጽፋ ላከችው። ቴሌግራም ላይ የልብስ ሰፊዎች መንደር አለ፤ ማሽን የታመመበት ሁሉ መድኃኒት የሚጠይቀው እዚያ ነው። መልሱ ቶሎ መጣ፣ ግን ስለ ማሽኗ አልነበረም። አንዱ ሰላምታ የት ሄደ አለ። ሌላዋ፣ አዲስ ገቢ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ፎቶ ያሳያል፣ የሞከረውን ይናገራል ብላ ሥርዓት አስተማረች። ሦስተኛው «አፋችንን ይዘናል» ብሎ የሚስቁ ፊቶች ደረደረ።

እናት ይህ ሲነበብላት ከንፈሯን ጣለች። ድሮም እምቢ ብላ ነበር። ባልተጠራችበት ቤት ገብታ ወንበር የምትፈልግ ሴት አይደለችም። ሰፈሩ «መቀስ» ያላት በጨርቅም በምላስም ስለምትቆርጥ ነው፤ ፊቱን የማታውቀውን ሰው ዕውቀት ትለምን? ግን የተማሪዎቹ ዩኒፎርም ጥጉ ላይ ተቆልሏል፣ ማሽኗም ስንዝር ሳትሰፋ ክሯን ብጥስ ታደርጋለች።

«እንደገና ልላከው» አለች ልጅቷ። «ፎቶውን አድርጌ። ሰላምታም ልጨምርበት።»

«ጨምሪ። ሰላምታ አይገድልም።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ጻፈች። ጻፈች፣ ጻፈች። ለሰላምታ በዛ። ግን ሰላምታ ስንት ፊደል እንደሚፈጅ እናት በምን ታውቃለች? ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ከዚህች ልጇ በቀር ከመሬት በላይ ያለ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቁትም ሞተው ከመሬት በታች ናቸው። የደንበኛ ልክ በጭንቅላቷ ትይዛለች፤ ፊርማዋ ጥልፍ ነው፤ ጋዜጣ ዘርግታ አንገቷን ስትነቀንቅ ያያት ዳኛ ናት ይላል።

ስልኩ ይጮህ ጀመር፤ አንዱ ሳያባራ ሌላው። እናት ምን አሉ ብትላት፣ ልጅቷ ሊረዱን ነው ብላ አሳጠረችው። ከዚያ የድምፅ መልእክት መጣ። ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ልትለጥፈው ስትል እናት ቀደመቻት፤ ስለ እሷ ማሽን የሚወራውን እሷም ትስማው እንጂ። ልጅቷ ከፈተችው። የጎልማሳ ድምፅ ነው፣ ለስላሳ።

«እማማ፣ አይዞዎት። ማንበብ አለመቻል አያሳፍርም፤ የእኔም እናት እንደ እርስዎ ነበሩ። ምነው አዲስ የሚገባው ሁሉ እንደ እርስዎ ትሑት በሆነ! መርፌዋን በድሮው ልማድ አስገብተዋት ነው። በአሮጌዋ ማሽን ጠፍጣፋው ጎን ወደ ግራ ነበር፤ በዚህችኛዋ ወደ ኋላ ነው።»

ልጅቷ ስልኩን በመዳፏ አፈነችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«የላክሽውን አንብቢልኝ» አለች እናት። ድምፅዋ አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ። «ከሆድሽ ሳትጨምሪ።»

ልጅቷ አነበበች። ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ነኝ። ማሽኗ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም። በእናታችሁ፣ አትሳቁብኝ።

«ምን ላድርግ እማዬ፣ መልስ ነሱን። አንጀታቸውን እንዲበላው ብዬ ነው።»

«የእነሱን አንጀት ልትበዪ የእኔን አውጥተሽ አሰጣሽው።»

ልጅቷ እያለቀሰች ስም እንዳልጻፈች ማለች። ስም! ፎቶው ላይ ጠረጴዛዋ አለ፣ አበባ ያለበት መጋረጃዋ አለ፣ ቀለበት የማይወጣው ያበጠ ጣቷ ሳይቀር አለ። ከዚህ ወዲያ ስም ለምን ያስፈልጋል?

እናት መርፌዋን ፈታች፣ ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ኋላ አዞረች፣ አጠበቀች፣ ክሩን አሳለፈች። ማሽኗ ሄደች። ከእጅጌ እስከ ብብት፣ ከብብት እስከ ወገብ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትንገራገር ሰፋች። እናት በሆዷ፣ በበጠሰች፣ በበጠሰች ትል ነበር። አልበጠሰችም።

እግሯን ከመርገጫው ስታነሣ ያው ድምፅ መጣ። እማማ፣ አይዞዎት። ልጅቷን ልትሰድባት ዞረች፤ ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ድምፁ የሚመጣው ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ሳንቃ ነው፣ ማስነጠስ እንኳ አይከለክልም። ወዲያ ማዶ ሱሪ ሰፊው ጎረቤቷ አለ። መልእክቱ ከእሱ ስልክ እስከ ጫፉ ተሰማ። ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ ሱሪ ሰፊው በሩን ከፍቶ ገባ፤ ሳያንኳኳ ይገባ የነበረው ሰው ዛሬ አንኳኩቶ። ስንት ዘመን ሙሉ «አንቺ መቀስ፣ ዛሬ ማንን ቆረጥሽ?» እያለ የሚገባ፣ ሰድባው ሰድቧት፣ ሁለቱም ስቀው የሚለያዩ ሰዎች ናቸው። አከራያቸው ለተከራይ የሚበትነውን ወረቀት ይዟል። ሌላ ጊዜ ጠረጴዛዋ ላይ ወርውሮላት ይሄድ ነበር።

ዛሬ አልወረወረውም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋላት።

«እማማ» አለ፣ ለስለስ ብሎ፣ «እኔ ላንብብልዎት።»

ይህ ሰው በሁለት ዓመት ይበልጣታል። ልትቆርጠው አፏን ከፈተች፤ እሱም ጣቱን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያነቡት ቀስ እያለ፣ ጎላ እያደረገ ጀመረ። ልጅቷ ወደ ዩኒፎርሙ ክምር ዞረች። የእናት ዓይን ግን፣ ማንም ሳያዘው፣ ጣቱን ተከትሎ ሄደ።