እንደ ጋሽ ሺበሺ

አራት የአዳማ ወጣቶች የስልሳዎቹን ሙዚቃ ከነለዛው ሊመልሱ ቆርጠው ተነሡ። ኦርጋን ተዋሱ፣ ሱሪያቸውን ከታች አሰፉ፣ ጋሽ ሺበሺ በወጣትነታቸው ያስቀረጹትን ብቸኛ ሸክላ እየደጋገሙ አጠኑ። ያስቸገራቸው የጋሽ ሺበሺ ድምፅ ነበር። በየስንኙ መሐል ድንገት «እክ!» ብሎ ይሰበርና መልሶ ይቀጥላል። ድምፃዊቷ ሜላት ያንን ስብራት ለማምጣት ስምንት ወር ለፋች። እናቷማ «ልጄን ምን ለከፈብኝ» ብለው ጠበል ወስደዋት ነበር።

በዝግጅቱ ዕለት አዛውንቱን ራሳቸውን ጋበዟቸው። ሜላት «እክ!» ባለች ቁጥር አዳራሹ በፉጨት ተናጋ፤ ጋሽ ሺበሺ ግን አንገታቸውን ደፉ። ዘፈኑ እንዳለቀ ከመድረክ ወርዳ ወደ እሳቸው ሮጣ ሄደች።

«ጋሽዬ፣ አበላሸሁት እንዴ?»

«የለም ልጄ፣» አሉ እያፈሩ። «ያን ቀን ስቅታ ይዞኝ ነበር። ውሃ ቢያጠጡኝ፣ ቢያስደነግጡኝ አልለቅ አለኝ፤ የስቱዲዮው ሰዓት ደግሞ አለቀ። ይኸው ሃምሳ ዓመት ስሸማቀቅ ኖርኩ።»

 ሜላት እጃቸውን ይዛ «እንግዲያው ዛሬ በትክክል ይዝፈኑት!» ብላ መድረክ ላይ አወጣቻቸው።

ጋሽ ሺበሺ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዴም ሳይሰበሩ፣ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር አንቆረቆሩት። ሲጨርሱ አዳራሹ ጭጭ አለ።

የጋሽ ሺበሺ የወጣትነት ፎቶ ያለበት ቲሸርት የለበሰ አንድ ተመልካች ከመሐል ተነሣ።

«ፋዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አለ፣ «የድሮውን ለዛ ገደሉት! ልጅቷ ትመለስልን!»