የቀትር ጭስ

«ምቺኝ እንጂ! ድንጋዩ ሆዴን አቀዘቀዘው» ትላለች ኔዣ።

በስሎቬንያው ትሪግላቭ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ከትንሿ የብረት ማማ አጠገብ በሆዷ ተኝታለች። የሟች ባሏን ባርኔጣ አድርጋለች። ልጇ ቲንካራ የአባቷን ገመድ አጥፋ ይዛ ከበላይዋ ቆማለች፤ እጇ ግን አልታዘዝ ብሏታል። ወጉ ወግ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሰው መቀመጫውን ሦስት ጊዜ በገመድ ካልተገረፈ ወጣ አይባልም። ቢሆንስ፣ በእናት ላይ እንዴት እጅ ይነሳል?

«ካቃተሽ እኔ ልግረፍልሽ» ይላል ኦዥቦልት የሚሉት፣ ከማሪቦር ከተማ የመጣ ወፍራም ሰው። የራሱን ግርፊያ አሁን ቀምሶ፣ በአንድ እጁ መቀመጫውን እያሸ በሌላው ቋሊማ ይገምጣል። «እናቴ፣ ሳይገረፉ ከወረዱ እኮ ስሎቬናዊ አይባሉም!»

«ስልሳ ዓመት እዚህ ግርጌው ላይ ላም ሳልብ ምን ነበርኩ ታዲያ? ኦስትሪያዊ?» ትለዋለች ኔዣ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ጫፉ ላይ ያለው ተራራ ወጪ ሁሉ ይስቃል።

ቲንካራ አትስቅም። ያስጨነቃት ግርፊያው ብቻ አይደለም። ዓይኗ ከእናቷ አልፎ፣ ሸለቆውን የሸፈነውን ጉም ያያል። ምነው ባይገለጥ፣ ትላለች በልቧ። እስክንወርድ ብቻ።

አባቷ ሎቭሬንስ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ወደ ተራራው ሲመራ የኖረ ነው። ባለሥልጣኑንም ሥጋ ሻጩንም እዚህ አውጥቶ ገርፏል፤ ሚስቱን ግን አላወጣም። «ትሪግላቭ የት ይሄዳል? በመጪው በጋ እወስድሻለሁ» ይላል። በጋው ሲመጣ ላሞቹ አሉ፣ ንቦቹ አሉ። በምትኩ ሲያባብላት እንዲህ ይላት ነበር፦ «ተራራው የተሰየመለት ባለ ሦስት ራሱ የጥንት አምላክ በአንዱ ራሱ ሰማዩን ያያል፣ በአንዱ ከምድር በታች ያለውን። ሦስተኛው የሚያየው የኛን ቤት ነው። እኔም ከጫፉ ላይ ሆኜ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።»

እሷም፣ ጫፉ ከደጇ ባይታያትም፣ ከዚያ ከፍታ ሁሉ ይታያል ብላ አመነችው። እሱ በወጣ ቁጥር ቀትር ሲሆን ምድጃው ውስጥ እርጥብ ቅጠል ትጨምራለች፤ ጭሱ ወፍሮ ሲነሳ ደጅ ወጥታ የገበታ ጨርቅ ታውለበልባለች። ሲመለስ «አየሁት፤ እኔም ባርኔጣዬን አውለበለብኩልሽ» ይላታል። ንብ ቀፎዎቿ ፊት ያለው ሳንቃ ላይ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ይህንኑ ሣለችው። ከላይ ሦስቱ ጫፎችና ባርኔጣ የሚያውለበልብ ትንሽ ሰው፣ ከታች ቤቷ ከነጭሱ። በመሃላቸው ምንም የለም።

በመሃላቸው ግን ሸንተረር አለ። ቲንካራ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ስትወጣ በዓይኗ አይታዋለች፤ ቤታቸው ከጀርባው ነው፣ ጭሱም አይታይም። አባቷ ያን ቀን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እናቷ ስትጠይቃት «አየሁት እማ» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ውሸቱ የሁለቱ ሆነ። ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ አባቷ ሲሞት፣ ለእሷ ብቻ ቀረ። ኔዣ በቀብሩ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። «እሱ ከቆመበት ቆሜ ቤቴን ልየው፤ ከዚያ አለቅሳለሁ» አለች።

ቲንካራ ገመዱን ታነሳና ዝንብ እሽ የምትል ያህል ነካ ታደርጋታለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው? አባትሽ የገረፈው ሰው እኮ እራቱን ቆሞ ነበር የሚበላው!»

ያን ጊዜ ነፋስ ይመጣል። ጉሙ ከሥሩ ይቀደድና ሸለቆው ብቅ ይላል።

«ቆይ፣ ቆይ! ቤቴን ልየው።» ኔዣ ጉልበቷን ይዛ ትነሳለች። «ያ ወንዙ ነው። ያ ሣር የምናጭድበት ሜዳ። ከሱ ቀጥሎ…» ጣቷ ሸንተረሩ ላይ ይደርስና ይቆማል። ወደ ግራ ትፈልጋለች፣ ወደ ቀኝ ትፈልጋለች። እጇ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

«ከዚያ ወዲያ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር፣ እማ።»

«ባርኔጣውስ? እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ እውነት ነው። እዚሁ ቆሞ፣ ወደዚያ ዞሮ ያውለበልብ ነበር። እንግዶቹ ይስቁበታል፤ ብርድ ይሁን ዝናብ፣ ቀትር ሳይሆን አልወርድም ይላል።»

ኦዥቦልት ማኘኩን ያቆማል። ኔዣ ባርኔጣውን አውልቃ ጎኗ ታስቀምጥና መልሳ ድንጋዩ ላይ ትተኛለች።

«ሁለት ቀርቷል» ትላለች። «አንዱ የኔ ነው። አንዱ የዚያ ውሸታም ነው፤ እሱ ስለሌለ እኔ እቀበልለታለሁ። እንዳትራሪለት!»

ቲንካራ ድንገት ንዴት ይነሳባታል። በእነዚያ ሁሉ በጋዎች ትናደዳለች፣ «የት ይሄዳል» በሚለው ቃል፣ በአባቷም፣ በራሷም። ገመዱ ይጮኻል። ደግሞ ይጮኻል። ከዚያ ኔዣ ትጮኻለች፤ በቀብሩ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሲጠብቀው የነበረው ለቅሶ ነው። ማንም አይስቅም። ኦዥቦልት ፊቱን ወደ ማማው ያዞራል።

«ጎዳሁሽ እማ?» ቲንካራ ገመዱን ጥላ አጠገቧ ትንበረከካለች።

«ደግ አደረግሽ ልጄ። ደግ አደረግሽ።»

ሲበርድላት ኔዣ ትነሳለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ፀሐይዋን ቀና ብላ ታያለች። ቀትር ነው። ቤት ሰው የለም፤ ምድጃው ጠፍቷል። የሎቭሬንስን ባርኔጣ አንስታ፣ ወደ ሸንተረሩ ዞራ ታውለበልባለች፤ ቀስ ብላ፣ ክንዷ እስኪዝል።

«አየሁት» ትላለች። «እንዴት ያለ ወፍራም ጭስ ነው!»