የእድሩ ድንኳንና የእድሩ መኪና

የትናየት የለቅሶው ድንኳን ገመድ መንገዱን አቋርጦ መወጠሩን ያስተዋለችው የሽንት ቤት መምጠጫው መኪና ከጎንደር ደርሶ ክላክስ ሲነፋ ነው። ድንኳኑም የእድሩ፣ መኪናውን የተከራየውም እድሩ ነበር፤ በየወሩ ከሚዋጣው ላይ ጥቂት እየቀነሰ የአባላቱን ጉድጓድ በተራ ያስመጥጣል። ዛሬ የእሷ ተራ ነበር። ጉድጓዷ ሞልቶ ርብራቡን መንካት ከጀመረ ወዲህ እንጨቱ በስብሶ ልጆቿ ሲሰምጡ እየታያት እንቅልፍ አጥታለች።

«እንግዲህ መመለሴ ነው፣ እናቴ» አለ ሾፌሩ። «ዳባት እየጠበቁኝ ነው። ከክረምቱ በፊት ደግሞ የምመጣ አይመስለኝም።»

የትናየት አንገቷን ደፋች። ጎረቤቷ እትዬ ዘቢደር ባላቸውን የቀበሩት ትናንት ነው። ለሽንት ቤት ተብሎ የለቅሶ ድንኳን አንሱ ይባላል? ሰፈሩ ሁሉ ፊቱን ሲያዞርባት ታያት። እትዬ ዘቢደር ግን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከለቀስተኛው መሀል ወጡ፤ ጎንበስ አሉና በገዛ እጃቸው ካስማውን ነቀሉት።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች የትናየት።

«እድሩ ለቀብር ብቻ አይሁን፣ ለቋሚም ይድረስ ብለው አፋቸው እስኪደርቅ የለመኑት እኮ ሟቹ ባለቤቴ ናቸው» አሉ። «ሽታው እንደሁ ለእንባ ያግዛል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ድንኳኑን ወደ ጎን ሰበሰቡት፤ መኪናውም አልፎ ጉድጓዷን መጠጠ። ሲመሻሽ ድንኳኑ ተመልሶ ቆመ፣ ለቀስተኛውም በየትናየት ሽንት ቤት ተስተናገደ። ከሽንት ቤቱ በመጨረሻ የወጡት እትዬ ዘቢደር ነበሩ። እጃቸውን አስታጠበቻቸው፣ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ሸኘቻቸውና ተመልሳ በሩን ቆለፈች።