የዘማቹ ክርስትና አባት

ወጣቱ ሸሚዙን አውልቆ በሀና ማርያም ክርስትና ቤት በር ላይ ቆመ። ዛሬ ካድሬ የሆነው አባቱ ያኔ «ኋላቀርነት ነው» ብሎ በሕፃንነቱ እንዳይጠመቅ ከልክሎ ነበር። በማግሥቱ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ሊዘምት ነው።

«አሁን ምን አስቸኮለህ?» አሉት ቄሱ።

«መምሬ፣ ብሞት በምን ስም ፍትሐት ይደረግልኛል?»

ክርስትና ሊያነሳው ቃል የገባው አጎቱ ግን ካድሬውን ፈርቶ ቀረ። እናቱ መንገድ መንገዱን ስታይ የአባቱ ላንድሮቨር መጥቶ ቆመ። እሷ ደነገጠች፤ ልጁ ንቅንቅ አላለም።

አባትየው ወርዶ ልጁን አየው፤ ውሃውንም አየ። «እኔ አነሳዋለሁ» አለ።

«አባት ለገዛ ልጁ ክርስትና አባት አይሆንም» አሉ ቄሱ።

አባትየው ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ማተብህን ከኮሌታህ ሥር እንደምትደብቅ ድሮም አውቃለሁ። ውረድና ልጄን ክርስትና አንሳልኝ።»