ካልሲየም የሌለበት ውኃ

“መርዝ ለቸኮለ ሰው ነው” ይላል ኬሚስቱ። ሚስቱን አልጋ ላይ የጣላትን የቢልሃርዚያ ትል ያሳደጉት የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ስለዚህ ለቅሞ አመጣቸውና ሳሎን ውስጥ፣ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አሰራቸው። ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን የሚሠራው ውኃ ውስጥ ካለው ካልሲየም ነው፤ እሱ ግን ካልሲየም የሌለበት ውኃ ብቻ ሰጣቸው። ቅርፊታቸው ሳስቶ ሲቦረቦር፣ ጠዋት ጠዋት ወንበር ስቦ እያያቸው ሻዩን ይጠጣል።

ዛሬ ግን ቅርፊታቸው ወፍሮና ነጥቶ አገኘው። ውኃውን መረመረ፤ ካልሲየም የሚባል ነገር የለበትም። ደሙ ፈላ።

“አንቺ ነሽ አይደል ኖራ ያጎረስሻቸው?” ብሎ ወደ መኝታ ቤት ጮኸ።

“በየትኛው እግሬ ተነሥቼ?” አለች ሚስቱ እየሳቀች። “ሐኪም ቤት ውሰደኝ ስልህ ከቀንድ አውጣ ጋር ግብግብ ገጠምክ። ጌታው፣ ጦርነቱ ፋታ ከሰጠህ ውኃ አቀብለኝ።”

እያጉረመረመ ብርጭቆ ሞልቶ ገባ። እጇን ዘረጋችለት። ብርጭቆውን ሲያስጨብጣት፣ ጣቶቿ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ ቀስ ብለው፣ አጥንት እንደሌላቸው ሁሉ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፉ።